የአማቴ ጉሮሮ

ጉርሻን የፈጠረው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ያን ቅዳሜ ፈልጌ አገኘው ነበር። ላስ ቬጋስ አጠገብ፣ ኢንስፒራዳ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ አዲስ ቤት ጓሮ፣ የክርስትና ድግስ ላይ ነን። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ጾም አልገባም፣ ዶሮውም ጥብሱም ሞልቷል። የሕፃኑ አያት ከመቀመጫቸው ተነስተው አማቴ ፊት ቆሙና የጡጫ ያህል ጠቅልለው ዘረጉ። አማቴ አፋቸውን በነጠላቸው ከልለው "በቃኝ እህቴ፣ ጠገብኩ" አሉ። "በሞቴ!" አሉ ሴትየዋ። በሞቴ ከተባለ በኋላ እምቢ የሚል ሰው እኔ አላውቅም። አማቴ ጎረሱ። "አንድ ያጣላል" ተባለና ሁለተኛው ተከተለ። ሁለተኛው ደረታቸው መሃል ደርሶ ቀረ።

አላሳላቸውም፣ ትንፋሽም አላጠራቸውም። ዝም ብለው ደረታቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ ምራቃቸውን እንኳ መዋጥ አቅቷቸው በሶፍት ይተፋሉ። ሴቶቹ ወዲያው ሁሉም ሐኪም ሆኑ። አንዷ ጀርባቸውን ትደልቃለች፣ አንዷ ውሃ ታጠጣለች፣ ውሃው ተመልሶ ይወጣል፣ ሌላዋ "ተልባ! ተልባ የላችሁም?" እያለች ወደ ወጥ ቤት ትሮጣለች። "ዓይን ነው" ያለችም ነበረች። ቱግ አልኩ። "ዞር በሉልኝ!" ብዬ አማቴን በክንዳቸው ደግፌ መኪና ውስጥ አስገባኋቸውና ድንገተኛ ክፍል ወሰድኳቸው። ባለቤቴ ሺፍት ላይ ነበር። ባለቤቴ ሁልጊዜ ሺፍት ላይ ነው።

ማደንዘዣ ሰጥተዋቸው፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለበት ቀጭን ቱቦ በአፋቸው አስገብተው ሥጋውን አወጡት። ከዚያ ሐኪሙ ወጥቶ የምግብ ቧንቧቸው ጠቧል አለኝ። ጠባሳ አለ፤ የቆየ ነው፣ ዛሬ የመጣ አይደለም። "እስከ ዛሬ እንዴት ይበሉ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

እንዴት ይበሉ እንደነበር አንድ ቤት እየኖርኩ እኔም አላውቅም ነበር። አማቴ ከአዲስ አበባ ከመጡ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው፤ ከዓመቱ የሚበዛውን ይጾማሉ። በፍልሰታ ሳህናቸውን ገፋ ሲያደርጉ "ጾም ነው" አልን። ሲከሱ "ጾሙ ነው" አልን። ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነክረው ሲበሉ "ጥርሳቸው ነው" አልን። ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሴቶች "እንደ እሳቸው የሚጾም በቬጋስ የለም" እያሉ ሲያሞግሷቸው እኔም ደረቴን ነፋ አደርግ ነበር፤ የማን ምራት እንደሆንኩ ይታወቅልኝ። ሴትየዋ መዋጥ አቅቷቸው ሲራቡ እኛ ጽድቃቸውን ስናወራ ነበር። አሁን ሳስበው እርር ድብን እላለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስፔሻሊስቱ ዘንድ ቀረብን። ነርሷ "አስተርጓሚ ልጥራላችሁ?" ብላ ጠየቀችኝ። "አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ" አልኳት። አስተርጓሚ ካለ ሁሉ ነገር ሁለት ጊዜ ነው የሚባለው፤ እኔ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሥራ እገባለሁ። ካዚኖ ውስጥ ዲለር ነኝ፣ ካርድ አከፋፍላለሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ለሚሰድበኝም ቲፕ ለሚሰጠኝም እኩል ፈገግ እላለሁ፤ ቤት ስደርስ ፈገግታው አልቆብኛል። ይህን የምለው ሰበብ ለመፍጠር አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ሐኪሙ ፈጣን ተናጋሪ ነው። ቃር አለባቸው? ያጨሳሉ? በልጅነታቸው የሚያቃጥል ነገር ጠጥተው ያውቃሉ? ክብደት ቀንሰዋል? እዚህ ከተጻፈው ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ፣ ከሀገር ቤት የመጣም ቢሆን? አንዳንዱን ጠየቅኋቸው፤ የሚበዛውን ራሴ መለስኩ። ያጨሳሉ ወይ ሲል ሳቅኩበት። መድኃኒቱን ሲጠይቅ "ኖ" አልኩ። የግፊትና የስኳር ኪኒናቸውን በሰባት ቀን ሳጥን የምሞላው እኔው ነኝ፣ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አማቴ እጄን ነካ አድርገው "ምን አለ ልጄ?" ሲሉኝ "ምንም፣ ደህና ይሆናሉ ነው የሚለው" አልኳቸው።

ናሙና ተወሰደ፤ ካንሰር አይደለም ተባለ። እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ተቃቀፍን፤ ባለቤቴ በስልክ አለቀሰ። ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

መጀመሪያ የተሞከረው ባሉን ነው። ካሜራ ያለበት ቱቦ ጠባቡ ቦታ ሲደርስ፣ ያልተነፋ ፊኛ በውስጡ ያልፍና እዚያው በውሃ ተሞልቶ ጠባሳውን ወደ ጎን ይገፋዋል። አማቴ ተኝተው፣ ነቅተው፣ በዚያው ዕለት ቤት ገቡ። ሲነቁ "ቅዳሴው አለቀ?" ብለው ነርሷን ጠየቋት፤ እሷም ምን እንዳሉ ሳታውቅ "ዬስ፣ ዬስ" አለቻቸው። በሦስተኛው ቀን ሽሮ በእንጀራ በሉ። በአራተኛው ሳምንት ዳቦው ተመልሶ ሻይ ውስጥ ገባ። ተደገመ፤ ተመልሶ ጠበበ። ሠለሰ፤ ተመልሶ ጠበበ።

"አንዳንድ ጠባሳ ግትር ነው" አለ ሐኪሙ። ወደ ሁለተኛው ዘዴ ሄድን። ቡዢ ይሉታል፤ ጫፉ የሚቀጥን ለስላሳ ዘንግ ነው። አስቀድሞ ቀጭን ሽቦ ይገባል፣ ዘንጉ ሽቦውን ተከትሎ ያልፋል፣ ከዚያ ትንሽ የሚወፍረው፣ ከዚያ ከእሱም የሚወፍረው። በአንድ ቀን ከሦስት እርከን አያልፉም፤ ቧንቧው ከተቀደደ የሕይወት ጉዳይ ነው። "የቱ ይሻላል?" ብዬ ጠየቅኩት። ፊኛው ወደ ጎን ብቻ ይገፋል፣ ዘንጉ ደግሞ እየፋቀ ወደ ታችም ይገፋል፣ በውጤት ግን ብዙም አይለያዩም አለኝ። ታዲያ ብዙም የማይለያይ ከሆነ ለምን እንቀያይራለን? "ሌላ ነገር መሞከር አለብን" አለ። እሱ ይሞክራል፣ አማቴ ይተኛሉ፣ እኔ ከሥራ እቀራለሁ፣ ባለቤቴ በስልክ "እንዴት ሆነች?" ይላል።

አንድ ቀን አላስቻለኝም። "ያንተ እናት ናቸው እኮ። አንድ ቀን እንኳ ኦፍ ወስደህ ና!" አልኩት።

"አንቺ ትሻያለሽ። እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው፣ ነገሩንም ፎሎው ያደረግሽው አንቺ ነሽ" አለኝ።

የሚያሞግሰኝ እንዳልናደድ ነው። ተናደድኩ። ኦቨርታይም ሲጠሩት ግን በሁለተኛው ጥሪ ነው የሚያነሳው።

ቡዢው ሁለት ጊዜ ተሠራ፣ ሁለቱም አልቆዩም። ሁዳዴው ሳይጋመስ አማቴ ከፈሳሽ በቀር የሚወርድላቸው ጠፋ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ተልባ በጆግ ይዘው መጡ፤ "ጉሮሮን ያለሰልሳል" ይሉኛል፣ ችግሩ ጉሮሮው ሳይሆን የጠበበው ቧንቧ ነው ብል ማን ይሰማኛል። አንዷ "ይኼ ሁሉ ቱቦ ባይገባባቸው ይሻላቸው ነበር" ስትል በሩን ከፍቼ ጫማዋን አቀረብኩላት። አማቴ በኋላ "እንግዳ አይባረርም" ብለው ተቆጡኝ። የታመሙት እሳቸው፣ የተቆጡት እሳቸው፣ የተሰደብኩት እኔ።

ቻይናታውን ሄጄ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን፣ እንደ እርጎ የሚንቀጠቀጠውን ለስላሳ ቶፉ አመጣሁላቸው። በዓይናቸው መረመሩት።

"የጾም ነው?"

"የጾም ነው፣ ከአተር ነው የሚሠራው።"

"አተር እንዲህ ይሆናል?" አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ወረደ። "የቻይና እርጎ" ብለው ስም አወጡለትና ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቤታችን ካለበት ከኢንተርፕራይዝ ቻይናታውን እስካለበት ስፕሪንግ ማውንቴን እነዳ ጀመር። ሐኪሙ ግን እንቁላልም ወተትም ያስፈልጋቸዋል ብሎ ነበር። "ጾሙን ይተዉት፣ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል" አልኳቸው። "ጾሙ ምን አደረገኝ?" አሉኝ። የምመልስላቸው ነበረኝ፤ ዋጥኩት። በቤታችን በደንብ የሚዋጠው እሱ ብቻ ነበር።

በፋሲካ ማግስት ሦስተኛው ዘዴ መጣ። በባሉን ካሰፉ በኋላ ጠባሳውን ዙሪያውን በቀጭን መርፌ ስቴሮይድ ወጉት፤ መልሶ እንዳይጠነክር ነው። ይኼ ያዘ! አንድ ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ አምስት ሳምንት። አማቴ እንቁላል በሉ፣ ዶሮ ወጥ በሉ፣ ፊታቸው ሞላ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በምሳው ላይ፣ እነዚያው የሕፃኑ አያት ዓይኔ እያየ አጎረሷቸው። ትንፋሼን ያዝኩ። ወረደ። ለሁለተኛው ራሳቸው አፋቸውን ከፈቱ። በሰባተኛው ሳምንት ሐኪሙ "ስቴሮይዱ ሠርቷል" ብሎ ፋይሉ ላይ ጻፈ።

እኔም ስልኬ ላይ ጻፍኩት። ሠንጠረዥ ነበረኝ፤ የቱ ዘዴ፣ መቼ ተሠራ፣ ስንት ቀን ቆየ። በብሬክ ሰዓት እሱን እያየሁ ባሉንን ከቡዢ፣ ቡዢን ከመርፌው አወዳድራለሁ፤ ሐኪሙን የምገጥምበትን ንግግር አዘጋጃለሁ። "ይኼ መርፌ ከመጀመሪያው ቢወጋ ኖሮ ይኼን ሁሉ ወር አይራቡም ነበር" ልለው ነው። እንግሊዝኛውን ሳይቀር በመስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ።

የሰኔ ጾም ገባ። ሐምሌ ሳይጋመስ ዳቦው ሻይ ውስጥ ተመለሰ።

መርፌው ተደገመ፤ ሦስት ሳምንት አልቆየም። ሐኪሙ ራሱን እያከከ ሁለት ነገር ቀርቷል አለኝ። አንደኛው ጠባሳውን በውስጥ በኩል በኤሌክትሪክ በሚግል ቀጭን ቢላ መሰንጠቅ ነው፤ አጭር ለሆነ ጠባሳ ጥሩ ነው፣ ግን ሊደማም ሊበሳም ይችላል። ሁለተኛው ስቴንት ነው፤ በላስቲክ የተሸፈነ የሽቦ መረብ ቱቦ ጠባቡ ቦታ ላይ ይቀመጥና ራሱ ይከፈታል፣ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ይወጣል። ሊንሸራተት ይችላል፤ ደረት ያማል፤ ሲተኙም የሆድ አሲድ ወደ ላይ ሊመለስ ይችላል። "የቱን ትመርጣላችሁ?" አለ። ቢላ የሚለውን ቃል ለአማቴ አልነገርኳቸውም። "ስቴንት" አልኩት።

"ቱቦ ያስቀምጡልዎታል" አልኳቸው መኪና ውስጥ።

"ሰው ቱቦ ውጦ ይጾማል?" አሉኝ።

"ይጾማል።" መንገዱን እያየሁ ነው የመለስኩላቸው።

ስቴንቱ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ዓርብ፣ ኦፍ ነበርኩ። ጎህ ሲቀድ ከመታጠቢያ ቤት ስመለስ የአማቴ በር ገርበብ ብሏል። ነጠላቸውን መስቀለኛ ለብሰው ለጸሎት ቆመዋል። ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ኪኒን ፈልቅቀው አወጡና አፋቸው ውስጥ ጣሉት። ራሳቸውን ወደ ኋላ ቀና አድርገው ዋጡ፤ እንደገና ዋጡ፤ እንደገና። ውሃ የለም። ደረታቸውን በመዳፋቸው ወደ ታች ገፋ ገፋ አደረጉ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረው መስገድ ጀመሩ፤ ተንበርክከው፣ ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ አስነክተው፣ ተነስተው፣ እንደገና ወደ ምንጣፉ።

ገባሁ። "ምንድን ነው የዋጡት?"

አልመለሱልኝም። አርባ አንድ ሳይሞላ አይናገሩም። ቆሜ ጠበቅኳቸው፤ በየስግደቱ ደሜ እየፈላ። ሲጨርሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

"የአጥንት መድኃኒት ነዋ።"

"የምን አጥንት?"

"ያኔ ሀገር ቤት ወድቄ እጄ ሲሰበር፣ ሐኪሙ 'አጥንትዎ ሳስቷል' ብሎ ያዘዘልኝ። በሳምንት አንድ ቀን ነው። እዚያ ያለችው ልጄ ሰው ስታገኝ ከበርበሬው ጋር ትልክልኛለች።"

"በውሃ አይደለም እንዴ የሚወሰደው!"

"ዓርብ ነው እኮ" አሉኝ፣ አንቺ ክርስቲያን አይደለሽም ወይ በሚል ዓይን። "የማይረሱትን ቀን ይምረጡ አሉኝ። ስቅለት የዋለበትን ቀን እረሳለሁ? መድኃኒት አያስገድፍም፤ ውሃ ግን ያስገድፋል። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እንዴት ውሃ እቀምሳለሁ?"

ማኅደሩን ተቀብዬ ካርቶኑን አወጣሁ። በውስጡ ያለውን ወረቀት ዘርግቼ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይዋጣል። ከተዋጠ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ መቆም ወይም መቀመጥ ነው፤ መተኛት የለም፣ መደፋት የለም። ካልሆነ የምግብ ቧንቧን ያቆስላል። የምግብ ቧንቧው የጠበበ ሰው ጭራሽ አይወስደውም። አማቴ ይኼን ኪኒን በየሳምንቱ ዓርብ በደረቁ ውጠው፣ ላዩ ላይ አርባ አንድ ጊዜ ይሰግዱበታል።

"በሃምሳውስ?" አልኳቸው።

"በሃምሳው ጾም የለ፣ ስግደት የለ። በብርጭቆ ሙሉ ውሃ ነበር የምወስደው።"

ሠንጠረዤ ትዝ አለኝ። መርፌው ያዘ ብዬ የጻፍኩባቸው ሳምንታት ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ናቸው። በጠረጴዛዬ ባካራት የሚጫወቱ ሰዎች የወጣውን ካርድ ሁሉ በትንሽ ወረቀት እየመዘገቡ የሚቀጥለውን ሊያውቁ ይሞክራሉ፤ እኔ ደግሞ ካርዱ ያለፈውን እንደማያውቅ ስለማውቅ በሆዴ እስቅባቸዋለሁ። ዓመት ሙሉ እንደነሱ ስመዘግብ ኖሬያለሁ። ባሉንም ቡዢም መርፌም ሲወዳደሩ የነበሩት ከዓርብ ጋር ነው።

"ለምን አልነገሩኝም!" ጮህኩ። ጎረቤት የሰማ ይመስለኛል።

"ማን ጠየቀኝ?" አሉ።

ለባለቤቴ ደወልኩለት። "አዎ፣ የሆነ ኪኒን ይልኩላታል መሰለኝ" አለ። መሰለኝ! ዘጠኝ ጊዜ በማደንዘዣ ተኝተው ተነስተዋል፣ እሱ መሰለው። አዲስ አበባ ላለችው እህቱ ደውዬ ጮህኩባት፤ እሷም አለቀሰች፤ እናቷን ስትረዳ ነበርና ምን ታድርግ። የአማቴን የነፍስ አባት ሳይቀር በስልክ አገኘኋቸው። "ለታመመ ሰው መድኃኒት በውሃ ይወሰዳል፣ ጾሙም ይቀልላል፤ ማን ከለከላቸው?" አሉኝ በጣም ተገርመው። በእሳቸውም ተናደድኩ። ስልኬን ወረወርኩት፤ ሶፋው ላይ አረፈ።

የሚናደዱበት ሰው ሲያልቅ ግን የሚቀረው አንድ ነው። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እዚህ ግን ሐኪሙ ጠይቋል። በመጀመሪያው ቀን፣ በግልጽ፣ ከሀገር ቤት የመጣም ቢሆን ብሎ ጠይቋል። እኔ ነኝ ጥያቄውን ወደ አማርኛ ያላሳለፍኩት። አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ ቢጠየቁ ኖሮ ይኼው ዛሬ እንደነገሩኝ ቀለል አድርገው ይነግሩት ነበር። ስቸኩል፣ አውቃለሁ ስል፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ የማይፈጅ ጥያቄ ዘልዬ ዓመት ሙሉ አስራብኳቸው።

ክሊኒኩ ደውዬ ነገርኳቸው። ረቡዕ ኑ፣ ስቴንቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ እንነጋገር አሉ። በዚህ ጊዜ አስተርጓሚ ግዴታ ነው ተባልኩ። አምሳ ዓመት የሚሆነው፣ መነጽር ያደረገ ረጋ ያለ ሰውዬ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣና በእኛና በሐኪሙ መሃል ተቀመጠ። "እዚህ ክፍል ውስጥ የሚባለውን ሁሉ እተረጉማለሁ፤ የራሴን ነገር አልጨምርም" አለ።

አማቴ ወደዱት። "የማን ልጅ ነህ? ሀገርህ የት ነው?" አሉት።

ሰውዬው ወደ ሐኪሙ ዞሮ "የማን ልጅ እንደሆንኩና ሀገሬን እየጠየቁኝ ነው" ብሎ በእንግሊዝኛ ተረጎመ። ሐኪሙ ሳቀ። ያን ሁሉ ወር ስንመላለስ እኔ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ሐኪሙ የአጥንቱ ኪኒን ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል፣ ለአጥንታቸው ሌላ መላ ይፈለጋል፣ የሆድ አሲድ መቀነሻ ኪኒንም አዝላቸዋለሁ፣ እሱን በብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይውሰዱ አለ። ዛሬ በባሉን አስፍተን መርፌውን እንደግማለን፤ ስቴንትም ቢላም አያስፈልግ ይሆናል። "ያኔ የያዘው መርፌው ነው ወይስ ውሃው?" ብዬ ጠየቅኩት። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ አሁን መለየት አይቻልም አለኝ። ያ የተለማመድኩት ንግግር እንኳ የማይረባ ሆነ። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ፣ እስከ ዛሬ ድረስ፣ የተመለስነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አማቴ እንጀራ ይበላሉ፣ ሥጋም በጥንቃቄ።

ሐኪሙ ሊነሳ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው። ወደ አማቴ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ፣ "አልወርድ ሲልዎት ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ቶሎ አልተናገሩም? እዚህ የሚመጡት ሁልጊዜ በጣም ከጠበበ በኋላ ነው" አላቸው። አስተርጓሚው ተረጎመ።

አማቴ አዩኝ። ከዚያ አስተርጓሚውን አዩት። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ምራቴ ደግ ናት" አሉ። "እንደ ልጄ ናት፤ ከልጄም ትብሳለች። ግን ከሥራ ደክሟት ነው የምትመጣው። አልወርድ አለኝ ባልኩ ቁጥር ትቆጣለች። እኔን አይደለም፤ ሐኪሙን ነው፣ ባሏን ነው፣ ምግቡን ነው። እኔ ግን አርጅቻለሁ፤ ቁጣው የማን እንደሆነ ሁልጊዜ አይለይልኝም። ስለዚህ ዝም ብዬ ዳቦውን እነክር ነበር።"

አስተርጓሚው የሰማውን ወረቀቱ ላይ ጫር ጫር አደረገና ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣ "ምራቴ" ብሎ ጀምሮ፣ ድምፁን ሳይቀይር። ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ሐኪሙ ወደ እኔ ተመለከተ። አፌን ከፈትኩ። አስተርጓሚው የምናገረውን ለአማቴ ሊተረጉምላቸው እስክሪብቶውን አንስቶ ጠበቀኝ።